ደንበኛዬ ስለሚለው ቃልና ስለ ታተሙ ወረቀቶች

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ የካ አባዶ በምኖርበት ቤት ከመጻሕፍቴ መደርደሪያ በታች አንድ መሳቢያ አለ። ነጋዴዎች በልዩ ልዩ ጊዜ የሰጡኝን የታተመ ወረቀት ሁሉ በዚያ አጠራቅማለሁ። የዘመን መለወጫ ካርድ፥ የግድግዳ ካላንደር፥ የፀጉር አስተካካይ ቢዝነስ ካርድ፥ መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ በእጄ ያስጨበጡኝ በራሪ ወረቀት፥ «ስለ መረጡን እናመሰግናለን» የሚል ቁራጭ፥ ይህ ሁሉ ተከማችቷል። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፥ ይህን ቆሻሻ ለምን አይጥሉትም?» ትለኛለች። እኔ ግን ጽሑፍ የተባለ ነገር ሁሉ፥ ግጥምም ይሁን የሱቅ ማስታወቂያ፥ ሊመዘን ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። መጽሐፍ የማያነብ ሰው እንኳ እነዚህን ወረቀቶች ያነባልና። ስለዚህ ዛሬ እነርሱን ልመዝን ተነሥቻለሁ። ከሁሉ ይልቅ በብርቱ የምነቅፈው ግን እኔው ራሴ የጻፍሁትን ነው፤ ምክንያቱን ወረድ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ልናገር። በቋንቋችን ገዢው ሻጩን «ደንበኛዬ» ይለዋል፤ ሻጩም ገዢውን «ደንበኛዬ» ይለዋል። ሁለቱ የሚጠራሩት በአንድ ስም ነው። ቃሉ ደግሞ ትክክለኛ፥ እንደ ደንቡ የሆነ የሚል ትርጉምም አለው፤ ደንበኛ ጠጅ፥ ደንበኛ አናጢ እንላለንና። ገበያ ላይ ሴቲቱ እህሉን ሰፍራ ካበቃች በኋላ ገዢዋ «እስቲ መርቂልኝ» ስትላት እፍኝ ትጨምርላታለች፤ ያ እፍኝ ምራቂ ይባላል። ይህ መረቀ የሚለው ግስ አባት ልጁን ሲባርክ የምንናገረው ያው ግስ ነው። አያቶቻችን ንግድን ያለ ስሌት ይሠሩ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ከተሰፈረው በላይ የምትጨመረውን እፍኝ ግን በምርቃት ስም ጠሯት።

የካ አባዶን ለማያውቅ ደግሞ እነሆ። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጠርዝ፥ በ2013 ዓ.ም. በተቋቋመው በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መንደር ነው። ብዙዎቻችን ወደዚህ የመጣነው ዕጣ ደርሶን ወይም ዕጣ ከደረሰው ሰው ተከራይተን ነው። በድሮው ሰፈር ባለ ሱቁ ያንተን ስም ባያውቅ እንኳ የአባትህን ያውቅ ነበር። እዚህ ግን ከላይህ የሚኖረው ሰው በእግሩ ኮቴ ብቻ ይታወቅሃል። እኔ በመጣሁበት ዓመት ከቤተ ሰቤ በቀር ለሳምንታት ስሜን የጠራ ሰው አልነበረም። እንዲህ ባለ ስፍራ ሱቅ ዕቃ የሚገዛበት ቤት ብቻ አይደለም፤ ሰው መታወቅ የሚጀምርበት ደጃፍ ነው።

የእህቴ ልጅ በእኛው ሕንፃ ምድር ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ የባልትና ሱቅ ከፈተች። በርበሬ፥ ሽሮ፥ ቆሎ፥ ተቆልቶ የተፈጨ ቡናም ትሸጣለች። እናቷ ታዘጋጃለች፤ እርሷ ትመዝናለች። ስምንት ወር እንደ ሠራች እንቁጣጣሽ ቀረበና «ጋሼ፥ እርስዎ አማርኛ ያውቃሉ፤ ለደንበኞቼ የማድለውን ካርድ ይጻፉልኝ» አለችኝ። ምስጋናው አሞኘኝ። ሁለት ማታ ተቀምጬ የሚከተለውን ጻፍሁላት፦

«ክቡራን ደንበኞቻችን ሆይ፥ ድርጅታችን በጥራቱና በአስተማማኝነቱ የታወቀ እንደ መሆኑ መጠን፥ ለአዲሱ ዘመን በሰላም ስላደረሳችሁ ፈጣሪን እያመሰገነ፥ ወደ ፊትም ያላሰለሰ ትብብራችሁ እንዳይለየው በታላቅ አክብሮት ያሳስባል።»

እቁብ ከደረሳት ገንዘብ ከፍላ በወፍራም ወረቀት፥ በወርቅማ ቀለም 500 አሳተመች። እኔም ማተሚያ ቤት ድረስ አብሬ ሄጄ የፊደሉን መጠን መረጥሁ። እንዲያ ያለ ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም።

መስቀል ሳይደርስ አንዱን ካርድ ደረጃ ላይ የጫማ ዱካ አርፎበት አገኘሁት። ሌላውን አንድ ልጅ ጠቅልሎ የቆሎ መያዣ አድርጎታል። ሦስተኛውን ደግሞ የጎረቤቴ ልጅ ገልብጣ በባዶው ጀርባ የማባዛት ሒሳብ ሠርታበታለች፤ ከ500ው ሁሉ ይህ በጥሩ ሥራ ላይ የዋለው ነበር። የባሰውን የነገረችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ከአራተኛ ፎቅ የምትወርድ አንዲት ሴትዮ ካርዱን ተቀብላ እስከ መጨረሻው በጥንቃቄ ካነበበችው በኋላ «ምነው፥ ዋጋ ልትጨምሩ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት።

ሴትዮዋ አልተሳሳተችም፤ ያነበበችው የተጻፈውን ነው። «በታላቅ አክብሮት ያሳስባል» የሚለው ንግግር ከወዴት መጣ? ውዝፍ ሒሳብ ያለበትን ሰው ከሚያስጠነቅቅ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። ማሳሰብ የበላይ ለበታች የሚያደርገው ነገር ነው። ደግሞስ «ድርጅታችን» ማን ነው? እናትና ልጅ በአንዲት ክፍል በርበሬ ሲያበጥሩ ሁሉም ሰው በመስኮት ያያቸዋል። «የታወቀ» አልሁ፤ ስምንት ወር የሆነው ሱቅ ለማን ታወቀ? «ክቡራን ደንበኞቻችን» አልሁ፤ በዚህ ዓለም «ክቡራን» ተብሎ ሲጠራ አቤት የሚል አንድ ሰው የለም፤ ስማችን ሁላችንም ነጠላ ነውና። ከዚህም በላይ በዚያ ሁሉ ቃል ውስጥ ቡና የሚል የለም፤ በርበሬ የሚል የለም፤ የሴትዮዋን ቤት የሚመለከት አንዲት ፊደል የለችም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ ሻጩ ብቻ ይናገራል። ሁለቱ የሚጠራሩበትን «ደንበኛ» የሚለውን ቃል ወስጄ በአንድ በኩል ብቻ እንዲሮጥ አደረግሁት። አማርኛ ያውቃል የተባለ ሰው ሥራ ይህ ነበር።

በመሳቢያዬ ያሉት ሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይሻሉም። በአንድ ሱቅ ግድግዳ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል በትልቁ ተጽፎ፥ ከሥሩ ደግሞ በትንሹ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ንጉሡ ዘውዱን እንደ ጫነ በር ላይ ተመለሰ ማለት ነው! (በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ዕቃውን ማስለወጥ ወይም ገንዘቡን ማስመለስ እንዲችል መደንገጉን ባለ ሱቁ የሰማ አይመስልም።) ከሁለቱ ጽሑፎች የሚታመነው የታችኛው ነው፤ ሰው ከልቡ የጻፈው እርሱን ነውና።

ከወረቀቶቹ መካከል አንዱን ግን ሳላመሰግን አላልፍም፤ ይኸውም የግድግዳ ካላንደር ነው። ካላንደር ስለ ሰጪው የሚናገረው ከላይ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ የተቀባዩ ነው። የእኛና የፈረንጁ ቀን ጎን ለጎን ይታይበታል፤ በዓላቱ በቀይ ይታወቁበታል። የቤቱ እመቤት የእድሩን ቀን ትከብበታለች፤ የእቁቡን ተራ ታሰምርበታለች። በጥር ወር ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት በመስከረም የተሰጠው ወረቀት አይደለም፤ ግማሹን ባለቤቱ ጽፎታል። ቅሬታ ካለኝ በጳጉሜን ላይ በሚደረገው በደል ነው። ካሉኝ ካላንደሮች በሁለቱ አሥራ ሦስተኛይቱ ወር ከነሐሴ ሥር ጥግ ላይ እንደ ተረሳ ዘመድ ተወሽቃለች። አምስት ቀንም ብትሆን፥ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ስድስት፥ ወር ናትና ለራሷ ስፍራ ይገባት ነበር።

ስለ ወረቀት ከተነሣ፥ ሰዎቻችን ከቀድሞ ጀምሮ የታተመን ነገር አክባሪዎች ነበሩ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በወጡት ጋዜጦች የስንቱ ጭቃ ቤት ግድግዳ ተለብዶ እንደ ነበር፥ ስንቱ ልጅም ጋደም ብሎ ከግድግዳው ላይ ማንበብ እንደ ለመደ ሽማግሌዎች ያውቁታል። ዛሬ ያ አክብሮት ቢቀንስ የማዝነው በሕዝቡ ሳይሆን በእኛ በጸሐፊዎቹ ነው። አሥር ጊዜ ባዶ ቃል የተሰጠው ሰው አሥራ አንደኛውን ቆሎ ቢጠቀልልበት ምን ይፈረድበታል?

የውጭ አገሩን ታሪክ ያነበብሁት ከዚህ ውርደቴ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 በለንደን ሄንሪ ኮል የተባለ ሰው ለወዳጆቹ ሁሉ የገና ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜ አልዳረስ ቢለው፥ ጆን ካልኮት ሆርስሊ የተባለውን ሠዓሊ ሥዕል አሠርቶ ካርድ አሳተመ። ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው የገና ካርድ እርሱ ነው፤ አንዱም በአንድ ሽልንግ ተሸጠ። እኔን የገረመኝ ዋጋው አይደለም። በዚያ የመጀመሪያ ካርድ ላይ የተቀባዩና የላኪው ስም በእጅ የሚጻፍበት ክፍት ቦታ ተትቷል። ማተሚያው ሥራን ያቃልላል፤ ስሙን ግን ሰው ይጻፍ ብለው ተዉት። እኔ የጻፍሁት ካርድ አንዲት ባዶ መስመር አልነበረውም፤ ዳር እስከ ዳር ሞልቼው ነበር።

ራንዲ ጋርነር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል። ለዩኒቨርሲቲ መምህራን አንድ መጠይቅ ላከ። እንዲሁ ከተላከላቸው ከ100 መልስ የሰጡት 36 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በመሸኛው ወረቀት ላይ በእጅ የተጻፈ ልመና ካገኙት 48 ያህል መለሱ፤ በትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ላይ በእጅ የተጻፈ ቃል ካገኙት ግን 75 የሚደርሱት መለሱ። መጠይቁ ያው መጠይቅ ነው። የተጨመረው አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ጥቂት ደቂቃ መድከሙ ነው፤ ተቀባዩም ያንን ድካም አይቶ ዝም ማለት አልቻለም።

እዚህ ላይ ከእናንተ መካከል ብልጡ «እንግዲያውስ በእጅ መጻፍ ጥሩ ወጥመድ ነው» ይል ይሆናል። ይህን ያለ አስቀድሞም ነበር። ጆ ጂራርድ የተባለው የዲትሮይት መኪና ሻጭ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1978 ድረስ 13,001 መኪና በችርቻሮ ሸጦ በዓለም የድንቃ ድንቅ መዝገብ ስሙ የተጻፈ ሰው ነው። በየወሩ ለሺህ ለሚቆጠሩ ገዢዎቹ ካርድ ይልክ ነበር፤ እወድሃለሁ የሚል ቃልም ታትሞበታል። ማስታወቂያ መስሏቸው ሳይከፍቱ እንዳይጥሉት የፖስታውን መልክና መጠን ይለዋውጥ ነበር። ነጋዴዎች ይህን እንደ ጥበብ ያስተምሩታል። እኔ ግን ስለ ፖስታው ባሰብሁ ቁጥር ልቤ አይቀበለውም። በወር ለሺህ ሰው እወድሃለሁ የሚል ሰው መውደድ የሚለውን ቃል አራክሶታል፤ ሰላምታውንም እንደ ሌባ ልብስ አልብሶ በር አስገብቶታል። ሆኖም በሚዛን እንፍረድ ከተባለ፥ ይኸው ሰው ሽያጭ የሚጀምረው ከተሸጠ በኋላ ነው የሚል ነበር፤ የሸጠው መኪና ችግር ሲያመጣ ገዢው በደንብ እንዲስተናገድ ይተጋ እንደ ነበርም ራሱ ተናግሯል። ሰዎቹን ያስመለሳቸው ካርዱ ነው ወይስ ጥገናው? እኔ በጥገናው እፈርዳለሁ፤ ካርዱ ያስታወሳቸው ያንኑ ነው።

ከሕንፃችን ፊት ለፊት አንዲት በዕድሜ የገፉ ባለ ሱቅ አሉ፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። የታተመ ወረቀት የላቸውም። ያላቸው አንድ ባለ 50 ሉክ የዱቤ ደብተር ነው። አንድ ቀን ዕቃ ሲያወጡልኝ ደብተሩ ተከፍቶ ነበርና ዓይኔን አሳረፍሁበት። ስም ያላወቁትን ሰው በምልክቱ ጽፈውታል፤ «የመንታዎቹ አባት»፥ «ባለ መነጽሩ ሦስተኛ ፎቅ»፥ «ማታ የምትመጣዋ ነርስ»። እኔ ደግሞ «መምህሩ ስኳር የለም» ተብዬ ተጽፌአለሁ። የስኳር ዕዳ የለብህም ማለታቸው መስሎኝ ነበር። ለካስ ከዓመት በፊት ሐኪም ስኳር እንደ ከለከለኝ በጨዋታ ነግሬአቸው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ስኳር አምጡ ብል «መምህር፥ ዛሬ አልመጣም» እያሉ ሲመልሱኝ ከርመዋል። መደርደሪያው ላይ እያየሁት!

እናቴ ያረፈች ጊዜ ለቅሶውን የተቀመጥነው ኮሚናል በሚባለው የጋራ ቤት ነበር። እማማ ሱቃቸውን በቀን ዘግተው፥ ቡና በቴርሞስ ይዘው መጥተው ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጡ። ብዙም አልተናገሩም። በዚያው ሰዓት ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ስሙን የማልጠራው አንድ ትልቅ ድርጅት «ውድ ደንበኛችን፥ መልካም ልደት! ደስታዎ ደስታችን ነው» የሚል መልእክት ልኮልኛል። የተወለድሁበት ቀን እንደ ነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ድርጅቱን አልቀየምሁም፤ ማንን ልቀየም? የላከው ሰው የለምና።

ይህን ብዬ የዱቤ ደብተሩን ቅዱስ መጽሐፍ ላደርገው አልፈልግም። መታወቅ ዋጋ ያስከፍላል። ከሕንፃችን አንድ ወጣት ሥራ ፈትቶ ዕዳው ቢከማችበት፥ በእማማ ሱቅ ፊት ላለማለፍ ሲል ረጅሙን መንገድ በጓሮ ሲዞር ስንት ወር አይቼዋለሁ። የታተመ ካርድ እንዲህ ያለ ሐፍረት አያመጣም፤ የማያውቅህ ሰው አያሳፍርህምና። ለብዙ ሺህ ሰው የሚሸጥ ድርጅትም እንደ እማማ ሊሆን አይችልም፤ አይጠበቅበትም። እርሱ ካላንደሩን አሳምሮ ያትም፤ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ሳያንገላታ ይቀበል፤ ደስታዎ ደስታችን ነው ከማለት ግን ይቆጠብ። እኔ የምነቅፈው ትልቅነትን አይደለም፤ ትልቁ እንደ ትንሹ፥ ትንሿም የእህቴ ልጅ ሱቅ በእኔ ጥፋት እንደ ትልቁ ለመናገር መሞከራቸውን ነው።

በእንቁጣጣሽ ማለዳ ልጆች ሥዕል ይዘው በር ያንኳኳሉ። ዘንድሮ ከመጡልኝ መካከል ብዙዎቹ ከሱቅ የተገዙ ኅትመቶች ነበሩ፤ መልአኩ ሁሉ አንድ ፊት ነው። አንዱ ልጅ ግን በእጁ የሣለውን አመጣ። የአደይ አበባው ቢጫ ከመስመሩ ወጥቶ ሰማዩን ነክቶታል፤ ከታች ስሙንና ክፍሉን ጽፏል። ያንን ከካላንደሩ አጠገብ ለጠፍሁት። የእህቴ ልጅ ቤቴ መጥታ ቆማ ስታየው ቆየችና ምንም ሳትል ወጣች።

ከሳምንት በኋላ ሱቋ ስገባ የተረፉትን ካርዶች፥ ወደ 300 ይሆናሉ፥ አውጥታ ገልብጣ ደርድራቸዋለች። በባዶው ጀርባ በእስክሪብቶ ትጽፋለች፦ «ይህ ቡና ሐሙስ ተቆላ»፤ «ይህ በርበሬ ለወጥ እንጂ ለድልህ አይሆንም»፤ «ጉድለት ካለው እዚሁ ላይ ጽፈው ይመልሱልኝ»። የገዢውንም ስም፥ የምታውቀውን ያህል፥ ከላይ ትጽፋለች። አልጠየቀችኝም፤ እኔም ፊደሏ ላይ አንድ ስሕተት አይቼ ዝም አልሁ።

ከአራተኛ ፎቅ የምትወርደው፥ ያቺ ዋጋ ተጨመረ ወይ ብላ የጠየቀችው ሴትዮ፥ ካርዱን ይዛ ተመለሰች። ከሥሩ በራሷ እጅ «ኮረሪማው በዝቷል» ብላ ጽፋበታለች። እህቴ ካርዱን አንብባ ለግማሽ ቀን ተቆጣች፤ ሠላሳ ዓመት በርበሬ ያዘጋጀች ሴት ናትና። በማግሥቱ ግን ከዚያው በርበሬ ጥቂት ቀመሰች፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ኮረሪማውን ቀነሰች።

ሁለተኛው ካርድ ሲመለስ እኔ ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ነበር፤ ዛሬ በመሳቢያዬ ያለው እርሱ ነው። «አሁን ልክ ነው። ግማሽ ኪሎ ስጡኝ፤ ቤይሩት ላለችው ልጄ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ» ይላል። የእህቴ ልጅ አንብባ ግማሽ ኪሎውን መዘነች። ሚዛኑ ልክ ከሆነ በኋላ ከጆንያው አንድ እፍኝ ጨምራበት አሸገችው።